ማርያም ቁጥር ሁለት

የሦስት እድር ሊቀመንበሮች፣ አባሎቻችን በስልካቸው እየገቡ መርዶ የሚያዩበትን አንድ ሶፍትዌር በጋራ ልናስከፍት መገናኛ ሄድን። ፎቁ ከመርዘሙ የተነሳ ሊፍቱ እስኪደርስ ጢሜ አደገ። ባለሙያዋ ልጅ፣ "ሶፍትዌሩ እንደ አንድ ግቢ ነው፤ ለየእድራችሁ ግን የራሱ በር አለው፤ የአንዱ አባል በሌላው በር አይገባም። የየበሩን ስም ብቻ ንገሩኝ" አለችን። እኔ ከእንጦጦ ግርጌ የመጣሁት "ማርያም" አልኩ። የኮተቤው ሊቀመንበር ታደሰም "ማርያም"፤ የመገናኛውም "ማርያም"።

"ስሙ መደገም የለበትም። ማርያም ሁለት፣ ማርያም ሦስት ልበላችሁ?"

"ደግሞ ማርያም ሁለት አለች እንዴ?" ብሎ ታደሰ ከወንበሩ ተነሳ። እኔም ሁለተኛ ተብዬ ብመለስ አባሎቼ በማግስቱ ከሊቀመንበርነቴ እንደሚያወርዱኝ አውቃለሁ። ስለዚህ "ለእኛ ሐና በዪልን፤ እናት ከልጇ ትቀድማለች" አልኳት። ታደሰ አላስጨረሰኝም፤ "እንግዲያው ለእኛ ኢያቄም፤ አባወራው እሱ ነው።" የመገናኛው ደግሞ የዘሩ ምንጭ ብሎ ዳዊት ላይ ወጣ፤ እኔም አብርሃም ብዬ ዘለልኩት። ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

"አባቶቼ፣ በዚህ አያያዛችሁ እኮ አዳም ጋ ልንደርስ ነው።"

"ልክ ነሽ ልጄ" አልኳት፤ "እነሱ ሳይቀድሙን አዳምን ለእኛ ያዢልን።"