የግራው መደርደሪያ

ጅማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በቤታቸው በረንዳ፤ ድሮ ካሴት ይሸጥ የነበረው ወንድይፍራው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የቀድሞ ሙዚቃ ቤቱን በካርቶን አሳንሶ ይሠራል፤ ሚስቱ አስካለ ሁለት ሸሚዝ ይዛ ከፊቱ ቆማለች።

አስካለ፦ ምላጩን አስቀምጥና መልስልኝ። ነጩን ልክተት ወይስ ሰማያዊውን?

ወንድይፍራው፦ ሁለቱንም ተያቸው። የሚመጣው ሳምንት እንሂድ። መደርደሪያው ብቻ ነው የቀረኝ።

አስካለ፦ ባለፈው የቀረህ ታፔላው ነበር። ከዚያ በፊት በሩ። ልጅህ ይህን ቀጠሮ ያገኘችው ስንቱን ለምና እንደሆነ ነግራሃለች። አሁንም ከቀረን ሐኪሙ ሌላ ቀን እንደማይሰጠን ትናንት በስልክ ነግራኛለች። ነገ ጠዋት አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ በማግስቱ እሱ ፊት ትቀመጣለህ።

ወንድይፍራው፦ ምንታምር አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ትእዛዝ ብቻ ነው የምትልክልኝ።

አስካለ፦ የዓይን ጠብታህንም ትልካለች።

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ጠብታም ትልካለች። አሁን ቁጭ በይና ይህን እዪልኝ። የሱቁን መስታወት ከምን እንደሠራሁት ገምቺ።

አስካለ፦ ከሃይላንድ። ውሃዬን ደፍተህ ጠርሙሱን ስትቆርጠው አይቼሃለሁ።

ወንድይፍራው፦ ጣሪያውስ?

አስካለ፦ ከቢራ ጣሳ። ድምፅ ማጉያዎቹ ላይ የለጠፍከው ደግሞ አጎበሬ ነው። ትንኝ በቀዳዳው እየገባች እኔን ትበላኛለች፣ አንተ ሱቅህን ታስጌጣለህ።

ወንድይፍራው፦ ከጠርዙ ትንሽ ነው የወሰድኩት። እዪው እስቲ። ከበሩ በላይ የተንጠለጠሉት ባለቀለም አምፖሎች የምንታምር ዶቃዎች ናቸው፤ ልጅ ሳለች ፀጉሯ ላይ የምታስሪላት። መሳቢያ ውስጥ አገኘኋቸው። ካሴቶቹን ከክብሪት ቀፎ ቆረጥኩና ሽፋናቸውን በከረሜላ ወረቀት አለበስኳቸው። ባንኮኒው ላይ ያለችው ቴፕ መክፈቻዋ ሳይቀር አላት። የምታስቀጃቸውን ዘፈኖች ስም የጻፍሽባትን ብጣሽ ወረቀት እንኳ ከጎኗ አስቀምጫለሁ።

አስካለ፦ ያምራል። አያምርም ያለህ የለም። ግን ያማረ ነገር ስለሠራህ በሽታው ቆሞ አይጠብቅህም። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል። ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፤ ቀዶ ጥገናው የቀረህን ለማትረፍ ነው። የግራው ሄዷል፣ ቀኙን እናድን ነው ያለን። እያንዳንዷ ሳምንት ከቀኙ ላይ የምትነሣ ናት።

ወንድይፍራው፦ ሙስጠፋም እናድን ተብሎ ነው የገባው። በእግሩ ሄዶ፣ በልጁ ትከሻ ተደግፎ ወጣ። እዚያው ሱቄ መንገድ ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ዛሬ በሩ ላይ ተቀምጦ ጊዜውን የሚያውቀው በአዛን ነው። ሄጄ ስጠይቀው ቢላዋ ነክቶኝ ነው፣ ባልነካ ኖሮ ይህን ጊዜ መርፌ እሰካ ነበር አለኝ።

አስካለ፦ እኔም ሚስቱን ከድጃን ጠይቄያለሁ። ያለችኝን ልንገርህ። ሐኪሙ ገና ሲያየው ዘግይተሃል፣ የቀረህ ብጣሪ ነው፣ ብሞክርም ቃል አልገባልህም ብሎት ነበር። ሙስጠፋ ለዓመት ያህል ጨርቅ በእጁ እየዳሰሰ ሲሰፋ ለማንም አልተናገረም። ከድጃ የነቃችው የአንድ ሰው ኮት ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ሲሰፋ ነው። ላንተ ቢላዋውን የወቀሰብህ ስላፈረ ነው።

ወንድይፍራው፦ እንዲህ ብላሻለች?

አስካለ፦ ቤቷ ቁጭ ብለን፣ እያለቀሰች። አሁን ደግሞ ስለራስህ ልንገርህ። ዛሬ ጠዋት ስጠርግ ጠረጴዛው ሥር ምን እንዳገኘሁ ታውቃለህ?

ወንድይፍራው፦ ቆሻሻ ይሆናል።

አስካለ፦ የግራውን መደርደሪያ። እሑድ ጨርሰህ፣ ከጓዳ ጠርተህ ያሳየኸኝን። ካሴቶቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ተበትነው። እሑድ ማታም እንዲሁ ፈራርሶ አይቼው፣ ሳይደርቅለት ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን ገባኝ። የሠራኸውን መልሰህ ታፈርሰዋለህ። ሱቁ ካለቀ ሰበብህ ያልቃላ።

ወንድይፍራው፦ ጠማማ ነበር። አፈረስኩት።

አስካለ፦ ጠማማ አልነበረም። አንተው ነህ በማስመሪያ ለክተህ ያሳየኸኝ።

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ሰበብ ፈልጌ ነው። ፈሪ ነኝ። ለምንታምርም ደውለሽ አባትሽ ፈርቷል በያት።

አስካለ፦ ይሄኔ ነው የሚያስፈራኝ። ከተጋባን ጀምሮ አጠፋህ ስልህ ሳትከራከር እሺ ያልክበት ቀን የለም። ጨው በዛበት ያልከው ወጥ ውስጥ ጨው እንዳልጨመርኩ ሳሳይህ እንኳ ጨዋማው ሽንኩርቱ ነው ብለህ የተከራከርክ ሰው ነህ። ዛሬ ምን ነካህ?

ወንድይፍራው፦ ምንም።

አስካለ፦ ወንዴ፣ ቀና በልና ንገረኝ።

ወንድይፍራው፦ እኔ አላፈረስኩትም።

አስካለ፦ ማን አፈረሰው ታዲያ?

ወንድይፍራው፦ ክርኔ። እሑድ ካሳየሁሽ በኋላ አንቺ ለቅሶ ልትደርሺ ሄድሽ። እኔ ባንኮኒውን ኮላ እየቀባሁ ነበር። የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የጎረቤት ድመት መስላኝ ሂጅ አልኳት። ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ የግራውን ግድግዳ ልነካካ አንገቴን ሳዞር መደርደሪያው የለም። ድመቷ ወሰደችው ብዬ ጠረጴዛው ሥር ሁሉ ፈለግኩ። ሻይ ልጠጣ ስነሣ ነው ያገኘሁት። ከሹራቤ እጅጌ ላይ ተጣብቆ አብሮኝ ይዞር ነበር። ካሴቶቹን አንድ በአንድ ከእጅጌዬ ላይ ለቀምኳቸው።

አስካለ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ወንድይፍራው፦ መልሼ ሠራሁት። ተጠንቅቄ። እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ እጄን ስብስብ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። ትናንት እንደገና ወደቀ። ሲወድቅ እንኳ አልሰማሁትም። ጨለማ ቢሆን ደህና ነበር፤ ጨለማ ቢሆን እዚያ ጋ ተጠንቀቅ ይለኛል። በዚያ በኩል ምንም የለም። ዓለም እዚህ ጋ ያልቅና በቃ።

አስካለ፦ እኔ ሰበበኛ፣ አታላይ ስልህ ደግሞ ዝም ብለህ ትሰማኛለህ።

ወንድይፍራው፦ ሰበበኛ መባል ይሻለኛል። መንገድ ላይም እንደዚያው ነው። በግራ ጎኔ ሰላም እያሉኝ አልፌያቸው እሄዳለሁ። ኮርቷል ይላሉ አሉ። ዘፈን በዱቤ የሰጠሁት ሰው ሁሉ ዛሬ አያውቀንም ይለኛል። ይበሉ። ዕውር ነው ከሚሉኝ ኮርቷል ይበሉኝ።

አስካለ፦ ስለ ግራው እኔም አውቃለሁ። ክረምት ቦይ ውስጥ ከወደቅክ ወዲህ ስንወጣ ሁልጊዜ በግራህ የምሄደው ለምን ይመስልሃል? ከባጃጁ፣ ከቦዩ፣ ከሰው ጋሪ ልጋርድህ ነው። አንተ ግን ቀኙ እንዳለ ነው ብለኸኛል። ምንታምር በደወለች ቁጥር እንደ ድሮው ነው ትላታለህ።

ወንድይፍራው፦ እንደ ድሮው አይደለም።

አስካለ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ወንድይፍራው፦ ባለፈው ቀጠሮ ስንቀር ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። ከታች ጀምሮ እየተበላ ነው። እግሬን ካጎነበስኩ አየዋለሁ፣ ቀና ካልኩ እግር የለኝም።

አስካለ፦ አሁን እኔን እየኝ። አንገትህን ሳታንቀሳቅስ። ዓይኔን እየኝና የሚታይህን ንገረኝ።

ወንድይፍራው፦ ተይው አስካሉ።

አስካለ፦ ንገረኝ።

ወንድይፍራው፦ ሻሽሽ ይታየኛል። ግንባርሽ። ዓይኖችሽ፣ አፍንጫሽም ትንሽ። ከዚያ በታች ያለውን ከማውቀው ነው የምሞላው። አፍሽን፣ አገጭሽን፣ አንገትሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ። ስትስቂም ስታኮርፊም በድምፅሽ ነው የምለየው።

አስካለ፦ አሁንስ ምን እያደረግኩ ነው?

ወንድይፍራው፦ አላውቅም። ዝም ብለሻል።

አስካለ፦ ቆይ፣ ልቀመጥ።

ወንድይፍራው፦ ወንበሩ ከኋላሽ ነው።

አስካለ፦ ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ በነጋታው አዲስ አበባ ነበርን። ተሸክሜህም ቢሆን እወስድህ ነበር። ታፔላዬ አልደረቀም ስትለኝ እኔ ሞኟ ሳቅሁብህ። ለምንታምር ደውዬ አባትሽ እንደ ሕፃን መጫወቻ ይዞ እምቢ አለ ብዬ አሳቅኳት። እናትና ልጅ ስንስቅብህ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ሳቃችሁን ወድጄው ነበር። ቤቱ ደህና መሰለኝ።

አስካለ፦ ደህና አልነበረም።

ወንድይፍራው፦ አዎ። አልነበረም።

አስካለ፦ ለምንድን ነው ግን? ሱቁ ነው ዓይንህን የበለጠብህ? ካሴት ከሞተ ስንት ዘመኑ። ቦታውን ለሞባይል ሻጩ ስትለቅ አንዲት ቀን እንኳ ናፈቀኝ አላልክም።

ወንድይፍራው፦ ሐኪሙ የመጀመሪያ ቀን ያን ሁሉ ነግሮን ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ አንቺ ተኝተሽ ነበር። ጊቤን ስንሻገር ተራራውን ሁሉ አፍጥጬ አየሁት፤ ላልደግመው እችላለሁ ብዬ። ከዚያ የቀረውን ሳስብ ሱቁ ትዝ አለኝ። የመጨረሻው ቀን ቁልፉን ለሞባይል ሻጩ ስሰጠው ተናድጄ ነበር። ሰው ዘፈን በስልኩ መጫን ጀምሮ፣ ቀኑን ሙሉ የሚገባ ሰው ጠፍቶ፣ እኔም በራሱ በሱቁ አኩርፌ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ወጣሁ። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። የኖርኩበትን ቤት አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ልየው ብዬ ነው። ተማሪ ተለቅቆ በሩን ሲሞላው፣ አንቺ ቢጫ ሹራብሽን ለብሰሽ ያን ወረቀት ስታቀብዪኝ።

አስካለ፦ ወረቀቱ ላይ ከጻፍኳቸው ዘፈኖች ግማሾቹን አላውቃቸውም ነበር። ቀድተህ እስክትጨርስ ብዙ እንድቀመጥ ብዬ ነው ያበዛኋቸው።

ወንድይፍራው፦ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።

አስካለ፦ እኔም የምደብቀው ነበረኝ። የኔ ግን ማንንም አላሳወረም።

ወንድይፍራው፦ ቢላዋውን አልፈራም፣ አስካሉ። እውነቱን ከፈለግሽ፣ ቢላዋው ጋ ሳንደርስ ነው የምፈራው። ሐኪሙ ያን ማሽን ዓይኔ ላይ አድርጎ፣ ወረቀቱን አይቶ፣ ከዚያ ለምንታምር በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይላታል። ፊቷን አይቼ ዘግይቷል እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ እስካለሁ ድረስ ያለኝ የኔ ነው። ማንም ለክቶ ይህን ያህል ብቻ ቀረህ አላለኝም።

አስካለ፦ ሊል ይችላል። አይልህም ብዬ አልዋሽህም። ዘግይተን ሊሆን ይችላል።

ወንድይፍራው፦ ታዲያ?

አስካለ፦ ታዲያ እኔም እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። ሙስጠፋ ያን ሲሰማ ከጎኑ ማንም አልነበረም። ለብቻው ሰምቶ፣ ለብቻው ደብቆ፣ ይኸው አሁንም ለብቻው በሩ ላይ ነው። እኔ የምፈራው ያንን ነው። ባታይ አሳይሃለሁ። አጠገቤ ሆነህ ከደበቅከኝ ግን የት አገኝሃለሁ?

ወንድይፍራው፦ ለምንታምር ምን እንላታለን?

አስካለ፦ እውነቱን። ግን አንተ ነህ የምትነግራት። እኔ ከእንግዲህ አልናገርልህም። እስካሁንም ስናገር የነበረው ውሸት ነው።

ወንድይፍራው፦ ትቆጣኛለች።

አስካለ፦ ትቆጣህ። ይገባሃል። እኔም ቁጣዬ አላለቀም፤ መንገድ ላይ ወልቂጤ እስክንደርስ የምናገረው ይዣለሁ።

ወንድይፍራው፦ ካሴቶቹን ጣልሻቸው?

አስካለ፦ አልጣልኳቸውም። በስኒ ሰብስቤ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።

ወንድይፍራው፦ ይቀመጡ። ዛሬ ምንም አልለጥፍም። ነጩን ሸሚዝ ክተቺልኝ።

አስካለ፦ ነጩን ነው ያልከው?

ወንድይፍራው፦ ነጩን። አስካሉ፣ ሌላም አለ። ነገ መናኸሪያው የሚያውቀን ሰው ይሞላዋል።

አስካለ፦ አውቃለሁ። ጨለማ ሳይለቅ እንድረስ ካልክ ቀደም ብለን እንወጣለን። ማንም አያይህም።

ወንድይፍራው፦ የለም። ሲነጋ እንሂድ። ሁሉም እያየ እጄን ይዘሽ ምሪኝ።