በቀኝ በኩል የተሰፋው ላስቲክ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ውሃ ጣድኩ፤ ሻዬን ቆሜ ጠጣሁ። አልጋዬን አነጠፍኩ፤ መስኮቱን ከፈትኩ። ከዚያም አጣጥፌ ያሳደርኳቸውን አራት ሱሪዎች በጨርቅ ቦርሳ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።

ሱሪዎቹ የባለቤቴ ናቸው። ዓመት ከስምንት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅለው ቆይተዋል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በወገብ እኩያው ነው፤ በቁመት ግን ያንሳል። እግራቸው ቢያጥር ይሆኑታል ብዬ ወሰንኩ። እንዴት እንደ ወሰንኩ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ስለሆነ አልቸኮልኩም። ልብስ ሰፊው ያሉት በዚያው በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሰፈርተኛው «አባ ልክ» ይላቸዋል። ሜትር ሳያነሡ፣ ሰው ገና ከበር ሲገባ አይተው የወገቡን ልክ ስለሚናገሩ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

ስደርስ የሱቁ መዝጊያ እስከ ግማሽ ብቻ ተከፍቶ ነበር። እሳቸው በአንድ እጃቸው መዝጊያውን፣ በሌላው ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ያለውን ሆዳቸውን ይዘው ጎንበስ ብለዋል። የእንጨት ሜትራቸው መሬት ወድቋል። አነሣሁላቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። የማታው እንቁላል ነው የተጣላኝ።»

«ከተጣላችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ኧረ አንቺ በጠዋቱ ፖሊስ ሆንሽብኝ! ይልቅ ይህን መዝጊያ ወደ ላይ ግፊልኝና ግቢ።»

ገፋሁትና ገባን። ከኋላችን ሚስታቸው ፔርሙዝ ይዘው መጡ። በሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ንግግራቸውም እንደ መኪናው ፈጣን ነው።

«እንቁላል ነው አለሽ? ውሸቱን ነው፣ እህቴ! በመሣሪያ አይተውታል። የሐሞት ከረጢትህ ጠጠር ሞልቷል፣ በኦፕራሲዮን ይውጣ ብለውታል። ሐሙስ ተኛ ብለው ቀጥረውታል። የቀጠሮውን ወረቀት ምን እንዳደረገው ታውቂያለሽ? የኮሌታ ልክ ቆርጦበታል!»

«ደህና ወፍራም ወረቀት ነው» አሉ አባ ልክ።

ቀና ብዬ አየሁ። ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠሉት የወረቀት ልኮች አንዱ የኮሌታ ቅርጽ ሆኖ ግማሽ ማኅተም ይዟል።

እዚህ ላይ ነገሩን ትቼ ወደ ሥራዬ መሄድ እችል ነበር። የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት አልወድም፤ ሰውም በኔ ጉዳይ ሲገባ አልወድም። ነገር ግን ያ የእጃቸው አያያዝ አላስሄደኝም። ያንን አያያዝ ከዚህ በፊት ቤቴ ውስጥ አይቼዋለሁ።

«ለምን አይሄዱም፣ ጋሼ?»

«ስሚኝ ልጄ። ፈጣሪ ሰውን ሲሠራ ትርፍ ጨርቅ አልተወበትም። ሁሉንም በልኩ ነው ያደረገው። አሁን ሐሞቴን አውጥተው ቢጥሉት ቦታውን ምን ሊሞላው ነው?»

ሚስታቸው ከመኪናቸው ቀና አሉ። «ሐሞትማ ድሮስ መች ነበረህ! አርባ ዓመት መርፌ ይዘህ፣ ነርሷ መርፌ ስታወጣ ዓይንህን ጨፈንክ።»

«አንቺ የቁልፍ ቀዳዳሽን ሥሪ!»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ጎናቸውን ወጋቸውና በመሃል አቋረጡት።

ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በሽታ የማውቀውን ያነበብኩት ለራሴ ሊጠቅመኝ የሚችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ቢሆንም ነገርኳቸው። «የሚወጣው ሐሞቱ አይደለም፤ ሐሞት የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፤ እሱ ሥራውን አያቆምም። ከረጢቱ ሲወጣ ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። ያለ ልብና ያለ ጉበት አይኖርም፤ ያለዚህ ከረጢት ግን ብዙ ሰው ይኖራል።»

«በመጽሐፍ ነዋ!»

«እንግዲያው በሙያዎ ልጠይቅዎት። አንድ ኮት ኪሱ ውስጥ የመርፌ ስብርባሪ ሞልቶ ባለቤቱን ቢወጋው ምን ያደርጋሉ?»

«ለቅሜ አወጣለሁ።»

«ኪሱ ራሱ መርፌ የሚያፈራ ቢሆንስ? ቢለቅሙት ቢለቅሙት ተመልሶ የሚሞላ?»

«እንዲህ ያለ ኪስ አይቼ አላውቅም።»

«ቢሆንስ?»

አገጫቸውን አሹ። «እንግዲህ ኪሱን ፈትቼ ስፌቱን እደፍናለሁ።»

«ኮቱ ኮት መሆኑ ይቀራል?»

«አይቀርም» አሉ። ክርክሩን የረታሁ መሰለኝ። እሳቸው ግን ሜትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኮት ግን አይሞትም፣ ልጄ። እውነቱን ልንገርሽ? ያንቺን ባል አይቻለሁ። ከዚህ በር ፊት ለፊት በእግሩ ሄዶ ታክሲ ውስጥ ገባ። እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎኛል። በሦስተኛው ቀን ሬሳው መጣ። ሆድ ዕቃውን ቀደውት ሞተ። እኔ የምፈራው መርፌ አይደለም።»

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ሚስታቸው። መኪናቸው ቀጥ አለ።

ይህን ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሊያጽናኑኝ ለመጡት ሁሉ «ታሞ ነበር» ከማለት በቀር ምንም አልተናገርኩም። ኀዘንን ለራስ መያዝ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ሰፈሩ የጎደለውን በራሱ ግምት ሲሞላ እንደ ኖረ፣ ያም ግምት አንድን ሰው ከሕክምና እንዳስቀረ ያወቅሁት በዚያ ጠዋት ነው።

«አልቀደዱትም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ቢላ አልነካውም፣ ጋሼ። ይውጣልህ የተባለው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኔ አላወቅሁም። የሐኪሙን ወረቀት እሱ ካለፈ በኋላ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት፤ የንባቡ ገጽ ምልክት አድርጎት ነበር። ያን ቀን ስንሄድ ጠጠሩ ቱቦውን ዘግቶት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠው ነበር። መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ዘገያችሁ አሉኝ። ያን ጊዜ ለኦፕራሲዮንም አልደረሰም። የገደለው መቆየቱ ነው።»

«ካፖርት ለብሶ ነበር» አሉ አባ ልክ ቀስ ብለው። «በዚያ ሙቀት። ምን ነካው ብዬ ነበር።»

እሳቸው እጃቸው ሥራ ሲፈታ አይወድምና ከቦርሳዬ አንዱን ሱሪ አወጡ። እግሩን እንዲያሳጥሩ ነበር ያመጣሁት፤ የሳቸው አውራ ጣት ግን ወደ ወገቡ ሄደ። ሳያዩ ወደ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ገባና ቆመ።

«ይቅር በይኝ» አሉ።

የወገቡን ጠርዝ ገልብጠው አሳዩኝ። ከገበሩ ሥር ጣት የሚያህል ጥቁር ላስቲክ ተሰፍቷል። በቀኝ በኩል ብቻ። ቁልፉም ከቦታው ተነሥቶ ወደ ዳር ተዛውሯል፤ የድሮው ክር ምልክቱ ይታያል። ሁለተኛውን ገለበጡ፤ እሱም እንዲሁ። ሦስተኛው። አራተኛው።

«ሦስት ጊዜ መጣ» አሉ። «ከበላሁ በኋላ እዚህ ጋ ያስጨንቀኛል፣ አላላልኝ አለኝ። የወፈረ ሰው ሱሪ ከኋላ ነው የሚለቀቀው። ይህ ውፍረት እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ አርባ ዓመት ወገብ ስለካ ኖሬ እንዴት አላውቅ? ለሷ እንዳትነግርብኝ አለኝ። በኛ ሥራ የደንበኛ ገላ አይወራም። ሙያውን ያስተማረኝ የጌታዬ ትምህርት ነው፤ ያየኸውን መቀስህ እንኳ አይስማ ይለኝ ነበር። ዝም ብዬ ሰፋሁለት።»

እነዚያን ሱሪዎች የተኮስኳቸው እኔ ነኝ። በየሳምንቱ፣ መስመራቸውን አስተካክዬ፣ በውጪያቸው። አንድ ቀን እንኳ ገልብጬ ውስጣቸውን አላየሁም።

«ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ከዚያ፣ «አሁን የራስዎን ያሳዩን» አልኳቸው።

«የምኔን?»

«ወገብዎን፣ ጋሼ።»

ሚስታቸውን አዩ፤ መሬቱን አዩ። ሽርጣቸውን ገለጥ አድርገው የሱሪያቸውን ጠርዝ ገለበጡ። ያው ጥቁር ላስቲክ፣ ያው ስፌት፣ በቀኝ በኩል።

ሚስታቸው አልቀለዱም። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ዓመት አለፈው።»

«እኔ እዚሁ፣ አጠገብህ ተቀምጬ?»

«ምሳ ስትሄጂ ነው የሰፋሁት» አሉ። ትልቅ ሰው እንዳጠፋ ልጅ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ላስቲኩን በጣታቸው እየሳቡ ብዙ ቆዩ። «ቁልፍ አዛወርኩለት፤ በሽታው ግን ከቦታው አልተነሣም። ለራሴም ያንኑ ነው ያደረግሁት። ሐሙስ በስንት ሰዓት ነበር?»

ሚስታቸው የኮሌታውን ልክ ከምስማሩ አወረዱ። ቀኑ አለ፤ ሰዓቱ የለም።

«ኮሌታው በላው» አሉ አባ ልክ።

«በማለዳ እንሄዳለን» አልኩ። «እኔም እመጣለሁ።»

ሐሙስ አስተኟቸው፤ ዓርብ ጠዋት ወደ ውስጥ ወሰዷቸው። ከሚስታቸው ጋር ኮሪደሩ ላይ ጠበቅን። በዚያ ኮሪደር ከዚህ በፊት ተቀምጫለሁ። ስለዚያ አልጽፍም። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ በደህና መጠናቀቁን ነገረን። ሚስታቸው እጄን ይዘው አለቀሱ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እጄን ተውኩላቸው።

አባ ልክ በማግስቱ ሆዳቸው ላይ ያሉትን አራት ትንንሽ ቁስሎች መረመሩ። «ስፌቱ አይከፋም» አሉ። «ክሩ ግን ለዚህ ጨርቅ ትንሽ ወፈረ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ሳላሳምር ልጻፈው፤ የሚፈራ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትከሻቸው ድረስ አመማቸው። ከባድ ነገር እንዳያነሡ ስለታዘዙ ከአንድ ወር በላይ ካውያውን ሚስታቸው ያዙ። ቅቤ የበዛበት ምግብ ሲበሉ ሆዳቸው ይሮጥ ነበር፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ለመዱ። በሦስተኛው ወር እንቁላል በሉ፤ እንቁላሉም አልተጣላቸውም። አሁን ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መዝጊያውን ራሳቸው ይከፍታሉ። ላስቲኩን ፈትተው ቁልፋቸውን ወደ ቦታው መልሰዋል።

የጌታቸውንም ትምህርት አሻሽለዋል። የደንበኛ ገላ ዛሬም በሱቃቸው አይወራም። ነገር ግን አንድ ሰው መጥቶ በአንድ በኩል ብቻ አላላልኝ ካላቸው፣ ሜትራቸውን አስቀምጠው፣ «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፤ ለቤትህም ተናገር። ያን ጊዜ በነጻ እሰፋልሃለሁ» ይሉታል። እስካሁን ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ወጥተዋል። አንዲት ሴት ግን ተመልሳ መጥታ አመስግናቸዋለች። እኔም ለሚጠይቀኝ ሰው «ታሞ ነበር» ብዬ አላቆምም። በምን እንደ ታመመና ስንት ጊዜ እንደ ቆየ እናገራለሁ። መናገሩ ኀዘኑን አላቀለለውም። ለሚሰማው ግን ይጠቅማል።

ሱሪዎቹን ካጠሩና ከተተኮሱ በኋላ ተረከብኩ። አባ ልክ አራቱን ላስቲኮች በወረቀት ጠቅልለው፣ «ልጣላቸው?» ሲሉኝ «አይጣሉ» አልኳቸው። የባለቤቴ ወንድም እሑድ መጥቶ ለካቸው፤ ልክ ሆኑት። ቁልፉ በመጀመሪያ ቦታው ላይ ተቆለፈ። አመስግኖኝ ይዟቸው ሄደ።

የቁም ሣጥኑ ግማሽ ባዶ ነው። ባለቤቴ የለም።