ሰንበት የሚያከብር ጋኔን

ዘመናትን የሚያፈራርቅ፣ የልብንም መዝገብ ያለ ቁልፍ የሚያነብ እግዚአብሔር በሚያውቃት በአንዲት የጥቅምት ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ የአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ ይኄይስ በደብሩ ግቢ ከጽዱ ሥር በነፍስ አባታቸው በመምሬ ኅሩይ ፊት ወረቀት ዘርግተው ቆመዋል።

መምሬ ኅሩይ፦ አልፈርምም አልሁህ፤ ወረቀትህን እጠፍ!

አቶ ይኄይስ፦ አባቴ፣ አንዲት መስመር እኮ ናት! «መተት ተደርጎበት በጠበል ሲረዳ የቆየ መሆኑን እናረጋግጣለን» ብለው የሰበካውን ማኅተም ቢያሳርፉበት ምን ይጎድልብዎታል?

መምሬ ኅሩይ፦ እውነት ይጎድልብኛል። አንዲት ጀሪካን ጠበል የወሰድህ ትናንት ነው፤ እርሷንም ለምስክርነት የወሰድሃት ይመስለኛል። ለማን ነው ወረቀቱ?

አቶ ይኄይስ፦ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው። ነገ በሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ረዳቴ ወይዘሮ ሽታዬ ከሥራ እንድትሰናበት ከስሻለሁ። በመሳቢያዬ ውስጥ መተት ስትከት ዘበኛው በዓይኑ አይቷታል።

መምሬ ኅሩይ፦ ሽታዬ? ያቺ አራት ልጆች ያለ አባት የምታሳድገው? መቼ ጊዜ አግኝታ ነው መተት የምትሠራው? እሺ፣ መተቱ ምን አደረገህ?

አቶ ይኄይስ፦ ምን ያላደረገኝ አለ! ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ጥርሴን ሳፋጭ አድሬ መንጋጋዬ ዝሎ ይነጋል። ራሴን ይፈልጠኛል፤ የግራ ዓይኔ ይርገበገባል። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። ባለጉዳይ «እንደምን አደሩ» ሲለኝ የሰደበኝ ይመስለኛል።

መምሬ ኅሩይ፦ ጸሎትስ?

አቶ ይኄይስ፦ እርሱን ባይጠይቁኝ።

መምሬ ኅሩይ፦ ጠየቅሁ።

አቶ ይኄይስ፦ ባለፈው ሐሙስ ከቤተሰቤ ጋር ቆሜ አባታችን ሆይ ልል ስጀምር፣ «ይድረስ፦ በሰማያት ለምትኖረው ለአባታችን፤ ጉዳዩ፦ የዕለት እንጀራ ስለመጠየቅ» አልሁ።

መምሬ ኅሩይ፦ አቤቱ ይቅር በለን! ማሳረጊያውስ?

አቶ ይኄይስ፦ «ከሠላምታ ጋር» አልሁ። ሚስቴም «አሜን» አለች።

መምሬ ኅሩይ፦ ግልባጭ አላደረግህም?

አቶ ይኄይስ፦ …ለእመቤታችን።

መምሬ ኅሩይ፦ ደግ! አማላጇን አለመዝለልህ። እስኪ ይህ ጋኔንህ የሚመጣው መቼ ነው?

አቶ ይኄይስ፦ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል፤ የመዝገብ ቤቱን በር ስከፍት።

መምሬ ኅሩይ፦ የሚሄደውስ?

አቶ ይኄይስ፦ ዓርብ ማታ ይለቀኛል። ቅዳሜና እሑድ ሰው እሆናለሁ።

መምሬ ኅሩይ፦ በመስቀል በዓልስ?

አቶ ይኄይስ፦ አልመጣም።

መምሬ ኅሩይ፦ ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በመስቀልና በጠበል ጋኔን ሳስለቅቅ ኖሬያለሁ። ሰንበት የሚያከብር፣ የበዓል ቀን የሚዘጋ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ፈርሞ የሚገባ ጋኔን ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ይህማ የመንግሥት ሠራተኛ ነው!

አቶ ይኄይስ፦ እርስዎ ይቀልዳሉ፤ እኔ እየሞትሁ ነው።

መምሬ ኅሩይ፦ የምቀልደው እንዳትሞት ነው። ምሳ በላህ?

አቶ ይኄይስ፦ በየት በኩል? የመዝገብ ቤቱ ሦስቱም ቁልፍ በእኔ አንገት ላይ ነው። መዝገብ የማወጣ እኔ፣ የምመልስ እኔ፣ ማኅተም የምመታ እኔ።

መምሬ ኅሩይ፦ ሽታዬስ ምን ትሠራለች?

አቶ ይኄይስ፦ ትቀመጣለች። መዝገብ ካስነካኋት ይጠፋል ብዬ እሰጋለሁ። አምና አንድ ፋይል ጠፍቶ አስተዳዳሪው በሰው ፊት አዋረደኝ።

መምሬ ኅሩይ፦ የጣለችው እርሷ ነበረች?

አቶ ይኄይስ፦ …እኔ ነኝ። ቤቴ ወስጄ ረስቼው።

መምሬ ኅሩይ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህምን? አንተ ሃምሳውንም ታቅፈህ «ወገቤን መተት ያዘው» ትላለህ። … ቆይ፣ ይህ ስልክ አላስቀምጥ አለኝ። «ሄሎ! አዎን፣ ክርስትናው ነገ ነው፤ አዎን፣ ፍታቱም ነገ ነው፤ ሁለቱም ላይ አለሁ!» … ምን እያልን ነበር?

አቶ ይኄይስ፦ መተቱን። ይኸው፣ ኤግዚቢቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። በባዶ እጅ አይንኩት!

መምሬ ኅሩይ፦ ወዲህ በል። ይህ ጤና አዳም ነው። ይህ ነጭ ሽንኩርት ነው። እንዲህ ያለ መተትማ እናቴ ጓዳ ሙሉ ነበራት! በመካከል የተጠቀለለችው ብጣሽ ወረቀትስ?

አቶ ይኄይስ፦ አስማቱ እርሷ ላይ ነው! አልገለጥኋትም፤ ያነበባት ይታሰራል ይላሉ።

መምሬ ኅሩይ፦ እንግዲያው እኔ ልታሰር። … «ለመዝገብ ቤት ኃላፊ። ጉዳዩ፦ ራስ ምታትዎን ይመለከታል። ራስዎን ሲያምዎት ይህን ያሽትቱ። ምሳዎንም ይብሉ፤ እስኪመለሱ መዝገቡን እኔ እጠብቃለሁ። ሽታዬ።»

አቶ ይኄይስ፦ …ይድገሙልኝ።

መምሬ ኅሩይ፦ ምን እደግምልሃለሁ? ቁጥርና ቀን ሳይቀር አላት። ለምን በአፏ አልነገረችህም?

አቶ ይኄይስ፦ ልትነግረኝ መጥታ ነበር። «የቃል አልቀበልም፤ በጽሑፍ አቅርቢ» ብዬ መለስኋት።

መምሬ ኅሩይ፦ እርሷም እንደ ታዘዘች አቀረበች! ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወረቀት ስታነብ ኖረህ፣ ለአንተ የተጻፈችውን አንዲት ብጣሽ ሳትገልጥ የአራት ልጆች እንጀራ ልትዘጋ!

አቶ ይኄይስ፦ ቀኖና ይስጡኝ፣ አባቴ። ሦስት መቶ ስግደት፤ አምስት መቶም ይሁን።

መምሬ ኅሩይ፦ ስግደት ብሰጥህ እርሱንም መዝገብ ከፍተህ ቁጥር ትሰጠዋለህ። ቀኖናህ ይህ ነው፤ ክሱን ታነሣለህ። ከቁልፎቹ አንዱን ለሽታዬ ትሰጣለህ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኸውን የዓመት ፈቃድ ወስደህ ትተኛለህ። ልብህ ከዚያም በኋላ መደለቁን ካልተወ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፤ ሐኪምንም የፈጠረ እርሱ ነው።

አቶ ይኄይስ፦ በኮሚቴው ፊት ምን ብዬ ነው ክሱን የማነሣው? «ጤና አዳም አስፈራርቶኝ ነው» ልበል? ቁልፉንስ? ያለ እኔ መዝገብ ቤቱ አንዲት ቀን አያድርም!

መምሬ ኅሩይ፦ ይህ ደብር ከእኔ በፊት አምስት ቄሰ ገበዝ ቀብሯል፤ ቅዳሴው አንድም ቀን አልታጎለም። … ኧረ ይህ ስልክ! «ሄሎ! ለአዲስ ቤት ጠበል መርጨት? ነገ? እሺ፣ ከክርስትናው በኋላ፣ ከፍታቱ በፊት እደርሳለሁ!»

አቶ ይኄይስ፦ ድፍረት አይሁንብኝና፣ የግራ ዓይንዎ ይርገበገባል።

መምሬ ኅሩይ፦ ነፋስ ነው።

አቶ ይኄይስ፦ ምሳ በልተዋል?

መምሬ ኅሩይ፦ የእኔ ሌላ ነው፤ አገልግሎት ነው።

አቶ ይኄይስ፦ ሰንበት ያከብራል?

መምሬ ኅሩይ፦ …እሑድ ይብስበታል።

አቶ ይኄይስ፦ ቄስ መርዓዊ እንዲረዱዎ ተመድበው የለም እንዴ? እርሳቸው ምን ይሠራሉ?

መምሬ ኅሩይ፦ ይቀመጣሉ። ፍታት ካስነካኋቸው ዜማውን ያበላሹብኛል ብዬ… ኧረ በሥላሴ!

አቶ ይኄይስ፦ ቀኖናው ግልባጭ ለመምሬ ኅሩይ ይደረግ?

መምሬ ኅሩይ፦ አንተ ባለጌ! … ይሁን፣ ተይዣለሁ። የነገውን ፍታት ቄስ መርዓዊ ይፍቱ፤ ዜማው ቢሰበር ሟቹ አቤቱታ አያቀርብም። እኔ ቃሌን ሰጠሁ። አንተስ?

አቶ ይኄይስ፦ …ስልክዎን ያውሱኝ። የእኔን ቢሮ ውስጥ ቆልፌበት መጥቻለሁ።

መምሬ ኅሩይ፦ እንካ። ለሰዓቱ እንኳ ከእኔ እጅ ይራቅ።

አቶ ይኄይስ፦ «ሄሎ፣ ወይዘሮ ሽታዬ? ይኄይስ ነኝ። ክሱን አንሥቻለሁ፤ ነገ በኮሚቴው ፊት መልስ የሚሰጠው እኔ ነኝ። አንዱን ቁልፍ ይዤልሽ እየመጣሁ ነው። … ምን አልሽ? በጽሑፍ ይሁንልኝ? የለም፣ እኅቴ፤ በአፌ ነው የምነግርሽ። ይቅር በይኝ።»

ይህ የተነበበበት ቤት ሥራው ይባረክ፣ ሸክሙ ለብዙ ትከሻ ይከፈል፣ እንቅልፉ ይጣፍጥ፣ ሰንበቱም ሰንበት ይሁንለት፤ አሜን።