«ነጻ» የሚል ወረቀት

ጭድ ተራ ላይ ታክሲው ውስጥ የገባ ተሸካሚ ከፊቴ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉት እናት ጭኑ ላይ የያዘውን ብርድ ልብስ አይተው አናገሩት።

«የታመመ ሰው አለህ ልጄ?»

«ወንድሜ ነው እትዬ። ከሆስፒታል ላወጣው ነው።»

«ተሻለው?»

«ኧረ ወደ ቤት ውሰዱት ነው ያሉን። ጉበቱ ነው።»

«ምነው፣ ቀደም ብሎ አልታየም?»

«አምና ሐኪሞች ለጥናት ብለው ሰፈራችን መጥተው የሰው ደም እየወሰዱ የጉበት በሽታ ሲመረምሩ ነበር። ነጻ ነህ ብለው ወረቀት ሰጡት።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

«እሱ መርፌ ይፈራል። በሱ ስም ገብቼ ደም የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ውይ ልጄ!»

«ያንድ እናት ልጆች ነን፣ ደማችንም አንድ ነው ብዬ እኮ ነው። እሱም አመነ። ሆዱ ሲነፋ እንኳ ሐኪም ቤት እንሂድ ስንለው ወረቀቱን ያወጣል።»

«ዶክተሮቹስ?»

«ያኔ ቢደረስበት መድኃኒት ነበረው አሉ።»

«ለነሱ ነገርካቸው?»

«ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ጠዋት ስልክ ደውሎ ‹ማሽናቸው ነው ጉድ የሠራኝ› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«‹አዎ፣ ማሽኑ ነው› አልኩት።»

መውረጃዬ በመስኮት ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።