ወይ ዋልካ ወይ ቀይ

አንድ አዛውንት በማኅበር የተመሩት ቦታ አፈሩ ዋልካ ነው፣ ቤት አይሸከምም ተብሎ ቤት እንዳይሠሩ መከልከላቸው በደል ነው፤ ይመዝገብልኝ። ከፒያሳ በተሳፈርንበት ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ ለተቀመጠች የአፈር ባለሙያ ሲነግሯት ነው የሰማሁት።

«የጎረቤቴ ቀይ ነው ተባለና ተፈቀደለት። በመካከላችን ያለችው አንዲት ችካል ናት።»

«የአፈር ካርታችን መስመር እዚያ ላይ ስላለፈ ነው፣ አባባ።»

«መስመሩን አፈሩ ያውቀዋል?»

ሳቀች። «አያውቀውም። አፈር ከቦታ ቦታ የሚለወጠው ቀስ እያለ ነው። አሁን የያዝነው አዲስ ስሌት ምን ያህሉ ዋልካ፣ ምን ያህሉ ቀይ ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ ወይ ይህ ወይ ያ አይልም። የእርስዎ አፈር ክረምት ጫማ ይይዛል?»

«ይይዛል፤ ግን ይለቃል።»

«በጋ ይሰነጠቃል?»

«ጣት ያስገባል፤ እጅ አያስገባም።»

«እንግዲያው ከሁለቱም አለበት። የጎረቤትዎም እንደዚሁ ይሆናል።»

«ልጄ፣ በእኔ ሰበብ እሱን እንዳትከለክሉት።»

«የለም፣ አንከለክለውም። ነገ መጥቼ አየዋለሁ፤ እንዳሉኝ ከሆነ ሁለታችሁም መሠረቱን ጠለቅ አድርጋችሁ ትሠራላችሁ።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ቦታ አሰፋሁላት።