ትራስ የተባለችው ልጄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎን ተሻለዎት? መነጽርዎ አሁንም በክር እንደታሰረ ነው? ከሰፈርዎ ከለቀቅን ወዲህ ናፍቀውናል። ልጄ ሁለት ጥርስ አወጣች፤ ጣቴን ስትነክሰኝ ሳቄ ይመጣል። ፊደሌ ስለሚንጋደድ ይቅርታ። ደግሞ እርስዎ ምን ቸገረዎት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድምዎ መጥተው ያነቡልዎታል። እንዲያ ሥራ በዝቶባቸው ለእህታቸው ጊዜ አያጡም... ዛሬም እሳቸው ያንብቡልዎ። አንድም መስመር ሳይዘሉ።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሐሜት ይሆንብኛል። እኔ በማጸዳበት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረትን ማየት ያስተማሩ ሊቅ ናቸው፤ ቀላል ነው እንዴ? መጀመሪያ ኳስ የሚከተል መኪና ሠሩ አሉ። ቀጥሎ ብርቱካንን ከሎሚ የሚለይ ክንድ። ሽልማታቸው ግድግዳውን ሞልቶታል፤ አቧራውን የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ ብዛቱን አውቃለሁ። ስድስት ዓመት በአንድ ኮሪደር ስንተላለፍ ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩኝም። ምን ያድርጉ፣ ዓይናቸውን ሁሉ ለማሽኑ ሰጥተውት ይሆናል...

አሁን ደግሞ ለእኛ ለሠራተኞቹ አዘኑልን። ልጆቻችን የሚውሉበት ክፍል ውስጥ የሚዞር ማሽን አመጡ። ወለል ላይ የወደቀውን በካሜራው አይቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ አንስቶ ቅርጫት ውስጥ ይከታል። ልጅ ሲያይ ይቆማል ተብሏል። ከሰኞ ጀምሮ ሞግዚቷ ትቅር፣ እሱ ብቻውን ይጠብቃቸው አሉ። እናቶች ፈርሙ የሚል ወረቀትም መጣ።

ባለፈው ማክሰኞ ለእንግዶች አሳዩት። ኳሱን አየና "ኳስ" አለ፤ ከተተው። ጫማውን "ጫማ" አለ፤ ከተተው። ተጨበጨበ። ልጄ ጥግ ላይ በብርድ ልብሷ ተጠቅልላ ተኝታለች። ማሽኑ መጣ፣ አየት አደረጋት፣ "ትራስ" አለ። ክንዱን ዘረጋ... ሞግዚቷ ዘላ ባትነጥቃት ኖሮ... ይተዉት እትዬ። ከዚያ ወዲህ ልጄ በተኛች ቁጥር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ወንድምዎ እዚህ ጋ ድምፃቸው ቢዘጋ ውሃ ይስጧቸው፤ ያን ቀን እሳቸውም እዚያው ነበሩ።

እኔ ግን ሊቁን አልወቅስም። እንዴት ብለው ይወቀሳሉ? ማሽኑ ልጅ ምን እንደሚመስል እንዲማር ብለው ተማሪዎቻቸው ሦስት ወር ሙሉ ልጆቻችንን ፎቶ ሲያነሱ ከረሙ። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ አያለሁ። ልጅ የተኛ እንደሆነ "ይቺ ተኝታለች፣ ለፎቶ አትሆንም" ብለው ያልፏታል። ታዲያ ማሽኑ የተኛ ልጅ የት ያውቃል? ሕፃን እንቅልፍ እንደሚወስደው ለሊቅ ማን ይነግራል? መወልወያ የያዘች ሴት ትንገራቸው? ማን ጠይቋት!

ሲያጽናኑ ደግሞ ያውቁበታል። "ከመቶ ዘጠና ሰባቱን በትክክል ይለያል" አሉኝ ፈገግ ብለው። ደስ አለኝ። የእኔዋ ከሦስቱ መሆኗ ነዋ... ቀጥለውም "ብርድ ልብሷን ለውጪላት" አሉኝ። እውነታቸውን እኮ ነው። ጥፋተኛው ብርድ ልብሱ ነው።

ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት መለስኩ። ብዙም ባልማር "እፈቅዳለሁ"ን ከ"አልፈቅድም" መለየት አያቅተኝም፤ ለዚህ ካሜራ አላስፈለገኝም። "አልፈቅድም" በሚለው ፊት ስሜን ጻፍኩ። ከኋላዬ የነበሩት እናቶችም እስክሪብቶዬን እየተቀባበሉ ጻፉ። ሞግዚቷ ሰኞ ትገባለች።

ለእኚያ ሰው ክፉ አልመኝም፣ እትዬ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ሽበታቸው ይመርላቸው። በእርጅናቸው የሰው ፊት ከማየት ያድናቸው። ደክሟቸው ጋደም ሲሉ የገዛ እጃቸው ሥራ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃቸው። ወፍራም ብርድ ልብስም አይጡ።