ለአሮጌ አውሮፕላን ማቀዝቀዣ ያስፈልጋታልን?

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከጎረቤቴ ከካፒቴን ሐጎስ ጋር ሳላስበው ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰፈራችን ለልማት መፍረስ ከጀመረ ወዲህ በግቢያችን ዙሪያ የቀረነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ሁለታችንም ሚስቶቻችንን ቀብረናል፤ ልጆቻችንም ትዳር ይዘው ርቀው ሄደዋል። ይህን ሁሉ እያወቅን በአጥር ላይ ሰላምታ ከመለዋወጥ አልፈን አናውቅም ነበር። ወንድ ልጅ ብቸኝነቱን ለጎረቤት አያወራም የሚል ክፉ ልማድ አለብን።

ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር ሙቀቱ አይጣል ነው። መስኮቱን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ካፒቴኑ ያዙኝ።

«መምህር፣ እባክዎን ይተዉት፤ ንፋስ ይመታናል» አሉኝ።

ተውኩት። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ፣ «አውሮፕላኔ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ላስገጥምላት ነው» ብለው አጫወቱኝ።

ካፒቴን ሐጎስ ከትልልቅ አውሮፕላኖች ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ስድስት ሰው የምትይዝ፣ ዕድሜዋ አርባን የተጠጋ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዘው የጤና ሠራተኞችን ወደ አፋር ቆላ የሚያመላልሱ ሰው ናቸው። የነገሩኝንም ነገር ሳልመዝነው ከኋላችን አንዲት ወጣት ሳቋ አመለጣት።

«ይቅርታ ካፒቴን፣ ሰምቼ ነው። መስኮት አስዘግተው ስለ ማቀዝቀዣ ሲያወሩ አላስችል አለኝ።»

ሀዊ ትባላለች፤ አውሮፕላኗን የምትፈትሸው ቴክኒሺያን እሷ ነች። ካፒቴኑ አልተቆጡም፤ እንዲያውም፣ «እንግዲያው ወርደን ይዋጣልን» አሉና ካዛንቺስ ስንደርስ ሁለታችንንም አንድ ጭማቂ ቤት አስገቡን።

«ልጄ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም» ሲሉ ጀመሩ። «የክትባት ቡድኑ ኃላፊ ሲስተር መነን ባለፈው ሐሙስ ስንመለስ፣ ‹ካፒቴን፣ የሚመጣው ሳምንት ካልተሻሻለ ከዚያ ወዲያ በመኪና ነው የምንሄደው› ብላኛለች። ሙቀቱ ሁለቱን አስመልሷቸዋል፤ አንዷ ደግሞ ራሷን ስታ ነበር። ከእነሱ ሌላ ቋሚ ደንበኛ የለኝም። እነሱ ከቀሩ አውሮፕላኗን አቁሜ ቤቴ መቀመጤ ነው።»

«ቤትዎ መቀመጡ ምን ክፋት አለው?» አልኳቸው፤ መልሱን ግን ከራሴ ቤት አውቀው ነበር።

ሀዊ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

«ካፒቴን፣ ሰዎቹ የሚታመሙት የት ነው? ማለቴ፣ መሬት ላይ ነው ወይስ ሰማይ ላይ?»

«መሬት ላይና ስንነሣ ነው። ሩብ ሰዓት ከወጣንማ ጋቢ የሚያምራቸው አሉ።»

«ታዲያ ለሩብ ሰዓት ብለው ሁሌ ሠላሳ አምስት ኪሎ ማቀዝቀዣ ሊሸከሙ ነው? ደግሞ ማቀዝቀዣው የሚዞረው በሞተሯ ጉልበት ነው። ሲነሡ ሙሉ ጉልበት ስለሚፈልጉ ያጠፉታል። በቃ፣ በጣም በሚያስፈልግዎት ሰዓት የለም ማለት ነው።»

«መኪና ሁሉ እኮ አለው።»

«መኪና ሲከብደው ይዘገያል። አውሮፕላን ሲከብዳት መንደርደሪያ ሜዳው ያልቅባታል።»

ካፒቴኑ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ባለፈው ሐሙስ በቀትር ሲነሡ ሜዳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ብድግ እንዳለችላቸው ነገሩን። ለማንም አልተናገሩትም ነበር። ሙቀት አየሩን እንደሚያሳሳው፣ በሳሳ አየርም ክንፍና ሞተር እንደሚደክሙ አርባ ዓመት ሙሉ ወጣት አብራሪዎችን ሲያስተምሩ ኖረው፣ ራሳቸው ላይ ሲደርስ አላዩትም። ሰው ለሌላው ሐኪም ነው።

ልጅቱ ግን በዚህ አልኮራችም። «ማቀዝቀዣ ከንቱ ነው አልልም» አለች። «ጉልበት የተረፋት አዲስ አውሮፕላን ብትሆን፣ ቀኑን ሙሉ ቆላ ውስጥ ዝቅ ብላ የምትበር ብትሆን፣ እኔው ራሴ እገጥምልዎት ነበር። የእርስዎ ግን አሮጊት ናት። ዕቃውም ለእሷ መሠራት ካቆመ ቆይቷል፤ ከውጭ ተፈልጎ እስኪመጣ ወራት ትቆማለች። ሲስተር መነን ወራት ትጠብቅዎታለች?»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ እኔም በመምህርነቴ ጣልቃ ገባሁ። «እስቲ የሐሙሱን ጉዞ ከመጀመሪያው ይንገሩን» አልኩ።

«ረቡዕ ወስጃቸው እዚያው አድራለሁ። ሐሙስ ጠዋት የመንደሩ ሰዎች ፍየል ያርዱልናል። ምሳ ሳንበላ መነሣት ነውር ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ሜዳው እንወጣለን። እንግዶቼን ፀሐይ ላይ አላቆማቸውም፤ አስቀድሜ አስገብቼ አስቀምጣቸዋለሁ። ንፋስ እንዳይመታቸውም በሩን እዘጋላቸዋለሁ። ከዚያ ነዳጁን አያለሁ፣ ዙሪያዋን እፈትሻለሁ፣ ወረቀቴን እጨርሳለሁ።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ቀሩ።

ሀዊ መሳቅ ትችል ነበር፤ አልሳቀችም። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አትሳቅ። ሕፃን በብርድ ልብስ አፍነን የምናሳድግ፣ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተን ሰው እንደ ወንጀለኛ የምናይ ሕዝቦች ነን። ካፒቴኑም እንግዶቻቸውን ያፈኗቸው በክብር ነው።

«ታዲያ እንግዳ ቆሞ ይጠብቅ?» አሉ በመጨረሻ።

«በክንፏ ጥላ ሥር ይጠብቅ። በሮቿ ክፍት ይሁኑ፤ መስታወቷም በነጭ ጨርቅ ይሸፈን። ሞተር ሊያስነሡ ሲሉ ያስገቧቸው።»

«ንፋሱስ?»

«ንፋሱማ መድኃኒታቸው ነው። ካፒቴን፣ ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም። በሰባት ሰዓት ተኩል አይነሡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሡ። የመንደሩን ሰዎች ፍየሉ ሳይታረድ ቀደም ብለው ያስታውቋቸው፤ አይቀየሙም።»

በዚህ ጊዜ የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ስለ ክብደቱ ተረትተው ነበር፤ ስለ በሩም እንዲሁ። እዚህ ላይ ግን እምቢ አሉ። ጠዋት ጭጋግ አለ፣ ሠራተኞቹ አይነሡም፣ ሌላም ሌላም አሉ። ሀዊ ሁሉንም በትሕትና አንድ በአንድ መለሰችላቸው። ምክንያት ባለቀባቸው ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ከሳምንት እስከ ሳምንት ከሰው ጋር የምበላው ያችን ምሳ ብቻ ነው። ማታ ሁሉም ደክሞት ይተኛል። ሐሙስ ቀን ግን በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠን እንጎራረሳለን። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እውነት ነው። ምሳው እንዳይቀርብኝ ነው ማቀዝቀዣ የምፈልገው።»

እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እኔ ደግሞ ሐሙስ እንኳ አልነበረኝም። ሀዊም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሆኖም እውነቱን አላለሳለሰችላቸውም።

«ካፒቴን፣ ምሳው እኮ እንግዶችዎን እያባረረብዎት ነው» አለች። «ምሳውን ከያዙ ሰዎቹን ያጣሉ። ከዚያ ምሳውስ ከማን ጋር ይበላል?»

ካፒቴኑ የጭማቂውን ሒሳብ ከፈሉ። ከዚያ፣ «ይሁን፤ አንድ ጊዜ እንሞክረው» ብለው ተነሡ። ደስ ብሏቸው አልነበረም። ምክር ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም፤ መከራ ከሚመክረን ግን ልጅ ብትመክረን ይሻላል።

በቀጣዩ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። ካፒቴን ሐጎስ ነበሩ፤ ድምፃቸው ተጣድፏል።

«መምህር፣ ሳህን አለዎት?»

«የምን ሳህን?»

«ሰዎቹ ጠዋት ሻይ ብቻ ቀምሰው ነው የመጡት። ቦሌ ስናርፍ ሲስተር መነን፣ ‹ማንም አልታመመም፤ ርቦናል ግን፤ ካዛንቺስ ቤት አለኝ ይሉ አልነበር?› አለችኝ። አምስት ሰው ይዤ እየመጣሁ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ያለው ሳህን ሁለት ነው።»

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ያልተነካውን ቁም ሣጥን ከፍቼ ሳህኖቹን አጠብኳቸው። ከሠፈሩ ምግብ ቤት ፍርፍር አስመጥተን አብረን ተቀመጥን፤ እኔንም አጎረሱኝ። ሲስተር መነን ቡድኗ በመኪና የመሄዱን ነገር እንደተወው፣ ማቀዝቀዣው ሊይዘው በነበረው ክብደትም ሁለት ተጨማሪ የክትባት ሣጥን መጫን እንደሚቻል ነገረችን። ካፒቴኑ በበኩላቸው አውሮፕላኗ በጠዋቱ ቀዝቃዛ አየር ሜዳው ገና ሲጋመስ እንደተነሣች ደጋግመው አወሩ። ይህ ሁሉ የተገኘው አንድም ብሎን ሳይፈታ ነው። ያረጀ ነገር ሁሉ አዲስ ዕቃ አይፈልግም፤ አንዳንዴ የሚፈልገው ሰዓቱን የሚለውጥለት ሰው ነው።

እንግዶቹ በስድስት ሰዓት ሄዱ። ቤቱ ወዲያው ጭር አለ፤ ጭርታው ከበፊቱ የከፋ መሰለኝ። ካፒቴኑ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳህኖቼን አጠቡ፤ አድርቀውም በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሳህኖቹን ይዤ በሩ ድረስ ሄድኩ።

«ካፒቴን፣ የሚመጣው ሐሙስ ስንት ሰው ይመጣል?» ስል ጠየቅኋቸው።

«አምስት። ከእርስዎ ጋር ስድስት።»

ተመልሼ ሳህኖቹን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኳቸውና ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ሄድኩ።